ለጭስ የሚሆን ቅቤ

ንግግር ስጀምር ቃል ይይዘኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አህመድ በሕይወት ሳለ ይህ ችግር አልነበረም፤ እኔ ግማሹን እላለሁ፣ እሱ ቀሪውን ይጨርስልኛል። አንዳንዴም ጨርሶ ያላሰብኩትን ጨምሮ ሰው ያስቃል። "ከማል ምን ሊል እንደሆነ ልንገራችሁ" ብሎ ሲጀምር ቤቱ ገና ሳይሰማ ይስቃል። አህመድ ከሞተ በኋላ ዓረፍተ ነገሮቼ በየሄድኩበት ግማሽ ግማሽ ሆነው ቀሩ። ይህን በጽሑፍ የማቀርበውም ለዚሁ ነው። ስጽፍ ፊቴ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ገና ወደ መካነ ሰላም በገባበት ሰሞን ነው። መስመር ለማግኘት ከሠፈራችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ነበረብን። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ፣ ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃ ብሎ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናታችን ቅቤ ነጋዴ ናት። ከገጠር የሚመጣውን ለጋ ቅቤ ትገዛለች፣ ትመርጣለች፣ ግማሹን እንዳለ ትሸጣለች፣ ግማሹን አንጥራ ትሸጣለች። እኔ እሸከምላታለሁ፣ እመዝንላታለሁ። አባታችን ድሮ ነው የሞተው።

አህመድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ክረምት መግቢያ ላይ ደጎሎ ገበያ ገብስ ሲያስጭን "ደረቴን" አለና የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ገና ወጣት ነበር። "ልብ ነው" አሉን። ከዚያ በላይ ያወቅነው ነገር የለም። ከሸሚዙ ኪስ ያገኙትን ጅምር ፓኮ ሲጋራ ከመታወቂያው ጋር አድርገው ሰጡን።

ከእሱ የሚቀጥለው እንድሪስ ነው። እሱም ሹፌር ነው፤ ከመካነ ሰላም አቀስታ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። እሱም ያጨሳል። እንዲያውም ከሐዘኑ በኋላ የአህመድንም ድርሻ የሚያጨስ መሰለን።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤው መናገር አለብኝ። በእኛ አካባቢ የሚያጨስ ሰው ደረቱ ውስጥ ጥቀርሻ ይይዛል ይባላል። የድስት ጥቀርሻ እጅ ላይ ሲይዝ ቅቤ ቀብተው ቢያሹት ይለቃል፤ ደረትም እንዲሁ ነው ይባላል። እናታችን ለአህመድ ሁልጊዜ ጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ፣ አንድ ኩባያ የቀለጠ ለጋ ቅቤ ታጠጣው ነበር። እሱ ሲሞት ኩባያው ወደ እንድሪስ ዞረ። እንድሪስ ደግሞ ቀልዱ አያልቅም። ማታ ከሥራ ሲገባ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

"እማ፣ ዛሬ በደንብ አቆሽሼዋለሁ። ነገ ጠንከር አድርገሽ እጠቢኝ" ይላል።

"አፈር ስሆን ተወው ይህን ነገር" ትለዋለች እናቴ።

"አንቺ እያጠብሽኝ ምን አስተወኝ?"

እህታችን ሐያት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ጉብታው ላይ ቆመን ስታናግረን አለቀሰች። "አንዱን ወንድሜን በስልክ ቀበርኩት" አለች። "ሁለተኛውን በስልክ አልቀብርም። ደሴ ሄዶ ይመርመር፤ ወጪው በእኔ።" እንድሪስ ሊቀልድ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የከተማችን ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ደረቱን አዳመጠ፣ ግፊቱን ለካ፣ ከዚያ "ደም ውስጥ ያለው ስብ መታየት አለበት፤ እሱ ደግሞ የሚታየው ደሴ ነው" አለ። "ከምርመራው በፊት ከማታ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመስ" ብሎ አስጠነቀቀው።

ስንነሳ እናቴ ቴርሞስ አስያዘችኝ። ለመንገድ ሻይ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው የቀለጠ ቅቤ ነው።

"እዚያ ማን ያቀልጥለታል? በዚህ ሳይረጋ ያድራል" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት እየቀዳህ ስጠው። አደራ፣ ከማል።"

አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ ሹፌር አይታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። እንድሪስ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። የአቀስታን ኮረኮንች እንዲህ ስንወርድ ሹፌሩ በመስታወት አየው።

"እንድሪስ፣ እግርህን ሰብስብ፤ ወለሉን ልትበሳው ነው።"

"አንተ ፍሬን ብትይዝ እኔ ምን አደከመኝ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። በየፌርማታው ወርዶ ያጨሳል፣ ይመለሳል፣ ይረግጣል። ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ ጭሱንና ትንፋሹን መለየት አልቻልኩም። አህመድም እንዲህ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ደሴ ገብተን አልጋ ያዝን። ከእራት በኋላ እንድሪስ የተባለውን አከበረ፤ ከውኃ በቀር ምንም አልነካም። ጠዋት ሱብሒ ሰግደን ስንጨርስ ሆዱ ይጮኻል።

"ሻይ እንኳ አይቻልም?" አለኝ።

"ው… ውኃ ብቻ ነው የተባለው።"

"እሺ። በል የእማን ቅዳልኝ።"

ቀዳሁለት። በቴርሞሱ ክዳን ሞልቼ ሰጠሁት። አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው፣ "ድገም፣ የደሴ ጭስ የተለየ ነው" አለ፣ ደገምኩለት። እንዳትስቁብን። ለእኔም ለእሱም ቅቤው ምግብ አልነበረም። ምግብ ብንለው አፋችን አይነካውም ነበር። መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። ከዚያ መስኮት ላይ ሄዶ ሲጋራውን ለኮሰ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ወረፋ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ናት። መርፌውን ከመውጋቷ በፊት "ምንም አልቀመስክም?" ብላ ጠየቀችው።

"ወላሂ፣ ከማታ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።"

ደሙን ቀዳች። ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ አንዲት ቀጭን ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ታያለች፣ እኛን ታያለች።

"እንድሪስ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ይህን አየኸው? ደሙ ሲጣራ ከላይ የሚቀረው ውኃ እንደ ጠራ ማር ብጫ ነው መሆን ያለበት።"

አየነው። ከታች ቀይ ነው፤ ከላይ ግን ነጭ ነው። ወተት።

"ምን በልተህ ነው የመጣኸው?"

"ምንም።"

"ምን ጠጣህ?"

"ውኃ።"

"ውኃ ይህን አያመጣም። ይህ ደም አይደለም፣ ማጀት ነው።"

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ። የአግዳሚው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"መ… መድኃኒት" አልኩ።

"የምን መድኃኒት?"

ቃሉ ያዘኝ። "ቅ" አልኩ፣ "ቅ" አልኩ፣ አልወጣም። ቢቸግረኝ ቴርሞሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩት። የመካነ ሰላም ቅቤ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ከወረፋው መጨረሻ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ወደ ቴርሞሱ አዩና፣

"ልጄ፣ እንጀራውንስ የት አደረጋችሁት?" አሉ።

ሰው በሳቅ ወደቀ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ብልቃጧን ወስዳ ለሥራ ባልደረቦቿ አሳይታ ስትመለስ አሁንም እየሳቀች ነበር።

"ነገ ጠዋት ትመለሳለህ" አለችው። "ቅቤ የለም፣ ሻይ የለም፣ ሲጋራም የለም።"

"ሲጋራ ደግሞ ምን አደረገ? አይበላም እኮ።"

"እሱን ዶክተሩን ጠይቀው።"

ውጭ እንደወጣን መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። ከአህመድ ቀብር በኋላ እንዲያ ስቀን አናውቅም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣

"አ… አህመድ ቢኖር…" አልኩና ተያዝኩ።

"መናኸሪያ ለመናኸሪያ እየዞረ ያወራው ነበር" ብሎ እንድሪስ ጨረሰልኝ።

አህመድ ከሞተ ወዲህ ዓረፍተ ነገሬን የጨረሰልኝ ሰው አልነበረም። እንድሪስ ራሱም ያወቀው መሰለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ መንገዱ ዳር ቆመ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"ከማል፣ እሱም ይጠጣ ነበር እኮ" አለኝ። "የእሱም ደም እንዲህ ይሆን?"

ያን ቀን ደሴን ከላይ እስከ ታች ዞርናት። ምሳ ሽሮ በላን፤ አስተናጋጁ "ቅቤ ይግባበት?" ሲል እንድሪስ "ጠግበናል" አለው። ግን ቀልዱ እንደ ልማዱ አልነበረም። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። ቅቤው መጥፎ ነው ከተባለ፣ ቤት ስንገባ ለእናታችን ምን እንላታለን? በገዛ እጇ እየቀዳች ስታጠጣው የነበረ ልጇ ሞቷል።

በማግስቱ ጠዋት እንድሪስ ምንም ሳይቀምስ፣ ሳያጨስም ሄደ። መንገድ ላይ እጁ አሥሬ ወደ ኪሱ ይሄድና ይመለሳል። ሴትዮዋ ደሙን ቀድታ፣ አጣርታ፣ በበሩ ብቅ ብላ "ዛሬ ደም ነው" አለችን። ውጤቱ ደርሶ ዶክተሩ ዘንድ ስንገባ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው የቴርሞሱን ታሪክ እየነገሩት ነበር።

ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አነበበና እንድሪስን አየው።

"ሁለት ዓይነት ኮሌስትሮል አለ በል" አለው። "አንዱ ስቡን ወስዶ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላው ጠርጎ ይመልሳል። ያንተ ለጣፊው በዝቷል፣ ጠራጊው አንሷል።"

"ጠራጊውን ማን አባረረው?"

"አንዱ ሲጋራው ነው።"

እንድሪስ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ዋጋ ሊከራከር ሲል እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

"ዶክተር፣ ታዲያ አንድ ቫይታሚን ምናምን የለም? እሱን ውጬ እንደ ልማዴ ብቀጥልስ?"

"ጥሩ ጠየቅክ። ቫይታሚን ኢ የሚባል አለ። ደም ውስጥ ያለው ስብ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፤ ዘበኛ በለው። ጭስ በገባ ቁጥር ይህ ዘበኛ ከጭሱ ጋር ሲታገል ያልቃል። የማያጨስ ሰው ዘበኛው ይበረክታል፤ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ቶሎ ያልቅበታል። ዘበኛ ያጣ ስብ ይበላሻል፤ የተበላሸው ነው ይበልጥ የሚጣበቀው።"

"የእኔ ዘበኛ ምን ያህል ቀርቶታል?"

"እሱን የሚለካ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም።"

"እንግዲያ እንክብሉን ይስጡኝና ይተካልኝ።"

"ሱፍ ብላ፣ ለውዝ ብላ፣ ጎመን ብላ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንክብል እየዋጠ ሲያጨስ የዳነ ሰው አላየሁም። ሌባው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ዘበኛ ቢቀጠር ምን ይረባል? ሌባውን አስወጣው።"

እንድሪስ ሳቀ፤ ተሸንፎ ሲስቅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ስለ እናታችን ቅቤ ነገረው። ዶክተሩ አልሳቀብንም።

"ብዙ ቤት አለ ይህ ነገር" አለ። "ቅቤው ወደ ሆድ ይሄዳል፣ ጭሱ ወደ ሳንባ። መንገዳቸው ለየቅል ስለሆነ ቅቤ ሳንባ አያጥብም። የሚገናኙት ደም ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ የሚገናኙት አንተን ለመጥቀም አይደለም።"

ያኔ እኔ መናገር ነበረብኝ። እንድሪስ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ እንደማይጠይቅ ገባኝ።

"ወ… ወንድማችን" አልኩ። "እሱም… ቅቤውን… ሞተ። ቅ… ቅቤው ነው ወይ?"

ዶክተሩ ጠበቀኝ። አልቸኮለም፣ አልጨረሰልኝም።

"ወንድማችሁን አልመረመርኩትም" አለ። "ያልመረመርኩትን ሰው በምን ሞተ ልል አልችልም። ሲጋራ ለብቻውም ልብን ይጎዳል። የየቀኑ ቅቤ ደግሞ አላገዘውም። ከዚህ የበለጠ አላውቅም፤ ሌላም ሰው ቢሆን አያውቅም።"

በመልሱ ጉዞ እንድሪስ ወለሉን አልረገጠም። እኔ በመስኮት እያየሁ ለእናቴ የምነግራትን በሆዴ አዘጋጃለሁ። ኮሌስትሮል ብላት አይገባትም። ዘበኛ ብላት "የምን ዘበኛ?" ትለኛለች። ጉጉፍቱን አልፈን ስንወርድ አንድ ነገር መጣልኝ። ኮሰረት። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት ትጨምራለች፤ ለሽታው ብቻ አይደለም፣ ቅቤው እንዳይከረፋ ነው። ቫይታሚን ኢ ማለት የደም ኮሰረት ነው፤ ጭሱ ኮሰረቱን ይጨርሰዋል፤ ኮሰረት የሌለው ቅቤ ይከረፋል። ይህ ይገባታል። ከእሷ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

ለእንድሪስ ነገርኩት። ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ተናገርኩት።

"ሸጋ ነው" አለኝ። "ሀቂቃ፣ ከዶክተሩ ይሻላል። እና እንዲህ ብለህ ልትነግራት ነው?"

"አ… አዎ።"

"ጨርሰህ ዝም ስትል፣ 'አህመድስ?' ብላ ስትጠይቅህስ?"

አቀስታ ስንደርስ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እንድሪስ ወርዶ ከበረንዳው ሥር ቆሞ አጨሰ። እስከ ጫፉ አጨሰው። ቀና ሲል አየኝ፤ አላፈረም፣ አልቀለደምም።

ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ጎረቤት ተሰብስቧል። እትዬ አስካለ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጠዋል። እናቴ እንድሪስን ከእግር እስከ ራሱ ዳበሰችው።

"ኸይር ነው? ምን አሉህ?"

"ኸይር ነው እማ።"

"ደረቱ ታጥቧል አሉ?"

እንድሪስ ወደ እኔ አየ። እኔ በመንገድ ያዘጋጀሁት ሁሉ በአፌ ሞላ።

"እማ… ኮ…" አልኩ። "ኮ… ኮ…"

ኮሰረት አልወጣም። የእናቴ ዓይን አፌ ላይ ነው። በዚያ መሐል እንድሪስ ገባ።

"ከማል ምን ሊል እንደሆነ ልንገራችሁ" አለ።

ቤቱ ፀጥ አለ። ይህን ቃል የሚለው አህመድ ነበር። የእናቴ እጅ እንድሪስ ትከሻ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ኮራሁብሽ ሊልሽ ነው። ቅቤሽ ሥራውን ሠርቷል ብለዋል። ከእንግዲህ ግን አያስፈልግም።"

"ለምን አያስፈልግም?"

"ሲጋራ ትቻለሁ። ያልቆሸሸ ምን ይታጠባል?"

"ትተሃል?"

"ትቻለሁ።"

"ከመቼ?"

"ከደሴ።"

አቀስታ ላይ ያጨሰው ሲጋራ ሽታው ጃኬቱ ላይ አለ። እኔ ከሩቅ ይሸተኛል፤ አቅፋው የቆመችው እናቴ እንዴት አይሸታት? ግን ምንም አላለችም። እጇን ዘረጋች።

"በል እንግዲያ በኪስህ ያለውን አምጣ።"

እንድሪስ ፓኮውን አውጥቶ ሲሰጣት ከሠፈሩ ፊት ቃል የገባ ሰው ሆነ። እትዬ አስካለ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ማተብ ያሰሩ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ወሎ ነው። እናቴ ፓኮውን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ወዴት እንደጣለችው አልጠየቅንም።

ማታ አልጋ ስናነጥፍ እንድሪስ በሹክሹክታ፣ "ጉድ ሠራሁ" አለኝ።

"አሁን ም… ምን ልታደርግ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ባጨስ ነገ ኩባያውን ይዛ ትቆማለች። አልጠጣም ካልኩ ለምን ትለኛለች። ለምን እንደሆነ ከምነግራት ብተወው ይሻለኛል።"

እንዲህ ነው ሲጋራ ያቆመው። ዶክተሩ ስለነገረው አይደለም፤ ስለ ዘበኛው ማሰብም ጀምሮ ነበር፣ ግን እሱ ብቻውን አያስተወውም ነበር። ቅቤው ልጇን ጎድቶት ይሆናል ብሎ ላለመንገር ተወው።

ቀላል አልነበረም። ያን ሰሞን የእሱ ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሰው እስከ አሁን ያስታውሰዋል። ሱፍ በኪሱ ሞልቶ ከመካነ ሰላም አቀስታ እየፈለፈለ ይተፋል። ረዳቱ "ገለባውን የሚጠርገው ማነው?" ሲለው "አንተ ጠራጊው ኮሌስትሮል ነህ" ይለዋል። አንድ ጊዜ አንዱን ተሳፋሪ "ውረድልኝ" ብሎ አባሮ፣ ትንሽ ሄዶ መኪናውን አቁሞ፣ የኋሊት ተመልሶ ይቅርታ ጠይቆ አሳፈረው። እናቴ ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ?" ትለዋለች። "ንጹህ ነው እማ" ይላታል። ኩባያው ከመደርደሪያ አልወረደም።

እኔ ደግሞ ኮሰረቴን በሆዴ ይዤ ቀረሁ። እናቴ ቅቤ ስታነጥር አጠገቧ ተቀምጬ ልነግራት እልና "አህመድስ?" የምትለው ይታየኛል።

አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ባላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስፌት መኪናቸው ላይ ሲጋራ አይጠፋም።

"ፋጡማ፣ እስቲ ለጋ ቅቤ ስጪኝ" አሉ። "ሳሉ በዛበት። እንደ እንድሪስ ላጥበው።"

እናቴ ቀና ሳትል የምትመርጠውን ቅቤ መምረጧን ቀጠለች።

"ለጭስ የሚሆን ቅቤ የለኝም።"

"ይኸው ፊትሽ ተቆልሎ?"

"ይህ ለወጥ ነው፣ ለፀጉር ነው። ከፈለግሽ ልመዝንልሽና ራስሽን ተቀቢ። እሱን ግን መጀመሪያ ጭሱን አስተዪው። ለሳሉም ሐኪም ይየው።"

"እንድሪስን አጥበሽ አዳንሽው አይደል?"

"እንድሪስ ስለተወ ነው የዳነው፣ አስካለ። ስሚኝ፣ አላሾፍኩብሽም።"

እትዬ አስካለ ለራሳቸው የሚቀቡትን ያህል ገዝተው ሄዱ። እኔ ሚዛኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ አሁንም ቀና አላለችም።

"ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ከደሴ ስትመጡ እኮ ሁለታችሁም ፍም በአፉ የያዘ ሰው ነበር የምትመስሉት። እኔ ነኝ የወለድኳችሁ። ቅቤው ጥሩ ነው የተባለ ሰው ቅቤውን ይጠጣል እንጂ ሲጋራውን አይተውም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በአህመድ ምክንያት ነው ያልነገራችሁኝ" አለች።

ያኔ ነገርኳት። ቃሉ ይይዘኛል፣ እሷ ትጠብቀኛለች። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ኮሰረቱ፣ ጭሱ ኮሰረቱን እንዴት እንደሚጨርሰው። "አህመድስ?" አለች፤ እንደፈራሁት። ዶክተሩ ያለውን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። አላውቅም ያለውንም ጭምር።

እጇ ቅቤው ላይ ነው። ከዚያ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

"አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚጠጣው" አለች። "ጨርሶም 'እማ፣ ልጅሽን ድስት አደረግሽው' ይለኝ ነበር።"

እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ስሙን በዚያ ቤት ከቀብሩ በኋላ ስትጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ አህመድ ወደ ቤታችን ወሬ ተመለሰ። ሲያስቀን የነበረውን ሁሉ መልሰን እናወራዋለን።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን እንዳስተማረኝ በአንድ ቃል ልነግራችሁ አልችልም። በቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ካለና ደረቱን በቅቤ የምታጥቡት ከሆነ፣ የእኛን ደም በብልቃጥ ውስጥ ወተት ሆኖ ያየሁት እኔ እነግራችኋለሁ፤ አይታጠብም። ለጭሱ መድኃኒቱ ጭሱን ማቆም ነው። ይህ አንዱ ነው። ሌላው የራሴ ነው። ቀድሞ ቃል ሲይዘኝ የሚጨርስልኝ ሰው እፈልግ ነበር። አሁን የሚጠብቀኝ ሰው እንደሚበቃኝ አውቄያለሁ። ዶክተሩ ጠበቀኝ፣ እናቴ ጠበቀችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከባዱን ነገር ተናገርኩት።

እንድሪስ በሚቀጥለው ዓመት ደሴ ሄዶ ተለካ። ለጣፊው ወርዷል፣ ጠራጊው ትንሽ ቀና ብሏል አሉት። ሴትዮዋ አውቃው፣ "ቴርሞሱስ?" አለችው አሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያን ጠዋት፣ እንባችንን ጠርገን ቅቤውን ልንመዝን ስንነሳ፣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"እንዳወቅኩ ለእንድሪስ እንዳትነግረው" አለችኝ።

"ለ… ለምን?"

"ለእኔ ብሎ ነው የተወው። ካወቅኩ ለማን ብሎ ይተወዋል?"

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። አሁንም ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ?" ትለዋለች፣ "ንጹህ ነው እማ" ይላታል፣ እሱ እሷን ያታለለ ይመስለዋል። ይህን ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። "ጻፈው፤ እሱ እንደሆነ ከመንገድ ምልክት ሌላ አያነብም" ብላኛለች። እናንተ ግን በአቀስታ መንገድ ሱፍ የሚፈለፍል ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ አደራ፣ ዝም ብላችሁ ተሳፈሩ።